የአሮጌ ፋይበር ግላስ ጀልባን ውስጥ ማደስ፦ ወለል፣ ወራጅ እና የውሃ መውረጃ

ፋይበር ግላስ አይበሰብስም፤ የሚበሰብሰው ውስጡ የተቀበረው እንጨት ነው። ሃያ ሠላሳ ዓመት የሠራ ጀልባ ታጥቦ ቀለም ሲቀባ ከውጭ አዲስ ይመስላል፤ ወለሉ ላይ ሲቆሙበት ግን እንደ አልጋ ስፕሪንግ ይወርዳል፣ ይነሣል። ከባሕር ዳር ወደ ዘጌና ወደ ጣና ደሴቶች ሰው የሚያመላልሱት፣ ሐዋሳና ዝዋይ ላይ የሚሠሩትም ጀልባዎች የሚያረጁት በዚሁ መንገድ ነው። ሐይቅ ደግሞ ከባሕር ይብሳል። ጨው እንጨት የሚበላውን ፈንገስ ያዳክመዋል፤ የሐይቅና የዝናብ ውሃ ግን ምንም አይነካውም።

የተለመደው እድሳት አሮጌውን ወለል ሳያነሡ ላዩ ላይ አዲስ ኮምፔንሳቶ ደርቦ በብሎን መምታት ነው። ይህ ገንዘብ ማባከን ነው። ከሥር ያለው እርጥበት መውጫ ያጣል፣ እያንዳንዱ አዲስ ብሎን ደግሞ አዲስ የውሃ መግቢያ ይሆናል። ውሃ ጀልባ ውስጥ መግባቱ አይቀርም፤ በዝናብም በሞገድም በተሳፋሪ ጫማም ይገባል። ስለዚህ እድሳቱ የሚለካው የገባው ውሃ እንጨት ሳይነካ መውጣት በመቻሉ ነው።

መመሪያው ክፍት የሆነ፣ 6 ሜትር ገደማ ርዝመት ያለውና ከኋላው በሚንጠለጠል ሞተር የሚሄድ ጀልባ ይዞ ይሄዳል። አጠራሩን ከቤት ሥራ እንዋሰው፦ ውጪው የፋይበር ግላስ አካል ቀፎ፣ ከፊት ወደ ኋላ በቁመት የተጋደሙት ተሸካሚዎች ወራጅ፣ እነሱን በአግድም የሚያያይዙት ማገር፣ ሞተሩ የሚንጠለጠልበት ደግሞ የኋላ ግድግዳ።

መቼና የት

ሥራው የበጋ ሥራ ነው፤ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ መጀመርና ማለቅ አለበት። በክረምት የተሠራ ወለል እርጥበት ተጭኖበት ይታሸጋል። ታኅሣሥና ጥር ላይ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ ሬዚን (የፋይበር ግላሱን ክር አጣብቆ የሚጠነክረው ፈሳሽ) ከ15 ዲግሪ በታች በወጉ አይጠነክርም፤ ስለዚህ በእነዚህ ወራት ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት አትጀምሩ፣ ከ10 ሰዓት በኋላም አትደባልቁ። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ችግሩ ይገለበጣል፤ ሙቀቱ ሬዚኑን እጅ ላይ ያደርቀዋል። በየትኛውም ወር ከላይ ጥላ ያስፈልጋል። ቆርቆሮም ሆነ ሸራ ይሁን፣ ጎኑ ግን ክፍት ሆኖ አየር ይለፍበት።

ጀልባውን መሬት ላይ ስታስቀምጡት ቀጥ ብሎ መቀመጡ የሥራው ግማሽ ነው። ወራጁ ሲነሣለት ቀፎው እንደ ለሰለሰ ቆዳ ይሆናል፤ ተጣሞ ከተቀመጠ አዲሱ ወራጅ ጠማማነቱን ለዘለዓለም ያስርበታል። ከሥሩ መሃል ለመሃል በየ1 ሜትሩ ድጋፍ አድርጉ፤ ግራና ቀኙንም በአሮጌ ጎማና በእንጨት ደግፉ። ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው ጠርዝ ሦስት ቦታ ላይ ክር ወጥራችሁ ስፋቱን ጻፉ። ቁጥሮቹን የማይጠፋ ቦታ፣ ለምሳሌ ቀፎው ራሱ ላይ በማርከር መጻፍ ይሻላል። ሥራው እስኪያልቅ በየቀኑ ትለኳቸዋላችሁ።

ምን ያህሉ እንደበሰበሰ ማወቅ

መዶሻ በፕላስቲክ እጀታው በኩል ይዛችሁ ወለሉን በየ10 ሴንቲ ሜትር አንኳኩ። ደህናው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የበሰበሰው የታፈነ፣ የሞተ ድምፅ አለው። የሞተውን ቦታ በማርከር እያከበባችሁ ሂዱ። ቀጥሎ በ4 ሚሊ ሜትር ፑንታ ወለሉን ብቻ በስታችሁ የሚወጣውን ብናኝ ተመልከቱ፦ ደረቅና ነጣ ያለ ከሆነ እንጨቱ ደህና ነው፤ ጥቁርና ፑንታው ላይ እንደ ጭቃ የሚለጠፍ፣ የበሰበሰ ቅጠል ሽታ ያለው ከሆነ አልቆለታል። ፑንታው ላይ 15 ሚሊ ሜትር ላይ ፕላስተር ጠቅልሉበት፤ አለበለዚያ ወለሉን አልፎ ቀፎውን ይበሳል።

ብስባሱ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከሦስት ቦታ ነው፦ ከወንበር ብሎኖች ዙሪያ፣ ከኋላ ማፍሰሻው አጠገብ፣ ወለሉ ከቀፎው ጎን ጋር ከሚገናኝበት ጠርዝ። እነዚህ ሦስቱ ደህና ከሆኑ ሌላውም ደህና የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ከኋላ ግድግዳው ጋር የተያያዘ ጥርጣሬ ካለ ሞተሩን ከታች ጫፉ ይዛችሁ ወደ ላይ ገፋ፣ ወደ ታች ጎተት አድርጉ፤ ሌላ ሰው ግድግዳውን ይመልከት። ግድግዳው ከተነፈሰ፣ ማለት ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ከተንቀሳቀሰ፣ ውስጡ በስብሷል፤ ወለሉም ሳይዘጋ መሠራት አለበት።

መክፈት

መጀመሪያ ባትሪው ይነቀል፣ ነዳጁ ከነታንኩና ከነቱቦው ከጀልባው ይውጣ። ግራይንደር ብልጭታ ይረጫል፤ የቤንዚን ትነት ደግሞ ከአየር ስለሚከብድ ጀልባው ሆድ ውስጥ ይተኛል። ወንበሩን፣ ሽቦውን፣ የመሪ ኬብሉን ስትፈቱ እያንዳንዱን ፎቶ አንሡ፤ ብሎኖቹን በየላስቲኩ ከፋፍላችሁ ከየት እንደወጡ ጻፉባቸው።

ወለሉን የምትቆርጡት በእጅ ሰርኩላር መጋዝ ነው። ጥልቀቱን በበሳችሁት ቀዳዳ በኩል ከለካችሁት የወለል ውፍረት 1 ሚሊ ሜትር ብቻ አስበልጡ። መስመሩ ከቀፎው ጎን 5 ሴንቲ ሜትር ገባ ብሎ ይሂድ። የሚቀረው ጠርዝ የአዲሱን ወለል ከፍታ ይነግራችኋል፤ ከፍታውን ቀፎው ላይ ካሰመራችሁ በኋላ እሱም በመሮና በግራይንደር ይነሣል። ሲወጣ የተሰባበረ ቢሆን እንኳ አሮጌውን ወለል አትጣሉት፣ ገጣጥማችሁ ለአዲሱ ልክ ይሆናል።

ከሥር ፎም ካለ በእጅ ጨምቁት። ውሃ ከወጣው አንድም ሳታስቀሩ አውጡ። ፎም አንዴ ከጠገበ በበጋ ሙሉ ፀሐይ ላይ ቢሰጣም ውስጡ አይደርቅም፤ በዚያ ላይ ለማንሳፈፍ የተቀመጠው ነገር ራሱ ሸክም ሆኗል።

ወራጆቹን አንድ በአንድ ነው የምትነቅሉት። አንዱን አውጥታችሁ፣ ቦታውን አጽድታችሁ፣ አዲሱን አስራችሁ ከዚያ ወደ ሁለተኛው። ሁሉንም በአንድ ቀን መንቀል ፈጣን ይመስላል፤ ቀፎው ቅርጹን የሚያጣው በዚያ ቀን ነው።

ማድረቅና መሞረድ

ወለሉ የተነሣለት ቀፎ በበጋ አየር ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይቀመጥ። የማይነቀል እንጨት ካለ መድረቁን የምታውቁት በሚዛን ነው፦ ከእሱ ትንሽ ቁራጭ አውጥታችሁ እዚያው አጠገቡ አስቀምጡት፤ በየሁለት ቀኑ በወጥ ቤት ሚዛን መዝኑት። ክብደቱ ሦስት ጊዜ በተከታታይ ካልቀነሰ ደርቋል። ሚዛን ከሌለ ግልጽ ላስቲክ በእንጨቱ ላይ ዙሪያውን በፕላስተር አሽጋችሁ አሳድሩ። ጠዋት ላስቲኩ ከውስጥ ጤዛ ከያዘ ገና ነው።

መሞረዱ ማንም የማይወደው፣ ግን ሁሉም ነገር የሚቆምበት ሥራ ነው። አዲስ ሬዚን አሮጌውን ፋይበር ግላስ የሚይዘው በመቧጨር ብቻ ነው፤ የሚያብለጨልጭ ቦታ ከቀረ እዚያ ላይ ይላቀቃል። መጀመሪያ ቅባቱን በአሴቶን በተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ፤ ሳይጠረግ ከተሞረደ ቅባቱ ወደ ውስጥ ይገባል። ከዚያ በ36 ወይም በ40 ቁጥር ዲስክ፣ ወራጅ የሚያርፍበትን መስመር ከግራም ከቀኝም 15 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ መልኩ እንደ ኖራ እስኪፈዝ ሞርዱ። ብናኙ ቆዳ ያሳክካል፣ ሳንባ ደግሞ ይጎዳል። ረጅም እጅጌ፣ እጅጌው ጓንቱ ላይ በፕላስተር የታሰረ፣ የተዘጋ መነጽር፣ ብናኝ የሚያግድ ማስክ። ገላችሁን በቀዝቃዛ ውሃ ታጠቡ።

ዕቃና መጠን

ወለሉ 4.5 በ1.4 ሜትር፣ ማለት 6.3 ካሬ ሜትር የሆነ፣ ሦስት ወራጅ ያለው ጀልባ ይህን ይፈልጋል፦

- 12 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ፣ 3 ሉህ (1.22 በ2.44)
- ማት (የፋይበር ግላስ ክር ምንጣፍ፣ በካሬ ሜትር 450 ግራም የሚመዝን)፣ 21 ኪሎ (ብክነቱ ተጨምሮበት)
- ፖሊስተር ሬዚን፣ 62 ኪሎ ገደማ
- ሃርድነር (ሬዚኑን የሚያጠነክረው ፈሳሽ)፣ 1 ኪሎ
- አሴቶን፣ 10 ሊትር
- ታልክ ዱቄት፣ 5 ኪሎ
- ባለ ጥርስ የብረት ሩሎ 2፣ ርካሽ ብሩሽ 20፣ ጓንት አንድ ካርቶን

ሒሳቡ ይህ ነው፦ ማት ከክብደቱ ሁለት እጥፍ ተኩል ሬዚን ይጠጣል። 21 ኪሎ ማት 52 ኪሎ ይወስዳል፤ ኮምፔንሳቶውን ማጥገቢያና ሊጡ (ከሬዚንና ከታልክ የሚቦካው ማጣበቂያ) 10 ኪሎ ይጨምራሉ። የእናንተ ጀልባ የተለየ ከሆነ ካሬ ሜትሩን በድርብ ብዛት፣ እሱን በ0.45 አባዙ፤ የማቱ ኪሎ ይወጣል።

ኮምፔንሳቶ ስትገዙ ለቤት ዕቃ የሚሆነውን ተዉት። ቁራጭ ለምናችሁ አንድ ሰዓት ቀቅሉት፣ አድርቁት፣ ደግማችሁ ቀቅሉት። ንብርብሩ ከተላቀቀ ሙጫው ውሃ ይፈራል። ለግንባታ ፎርምወርክ የሚሸጠው ቡናማ ወይም ጥቁር ፊልም የለበሰው ሙጫው ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ፊልሙ ላይ ሬዚን አይዝም። እሱን ከተጠቀማችሁ ፊልሙን እስከ እንጨቱ ድረስ በሁለቱም በኩል መሞረድ ግድ ነው፤ ይህ የአንድ ሙሉ ቀን ሥራ ነውና ዋጋውን ስታወዳድሩ አስቡት። ቺፑድና ኤምዲኤፍ ለጀልባ ጨርሶ አይታሰቡም።

ለወራጅ የደረቀ ዋንዛ ጥሩ ነው፤ ቀላል ነው፣ ለመላጊያ ይመቻል፣ ብዙም አይጣመም። እርጥብ ባሕር ዛፍ ደርቆ ሲጣመም ማቱን ይቀደዋል። ጽድን የመሰለ ዘይታም እንጨት ላይ ደግሞ ፖሊስተር በደንብ አይጠነክርም። እንጨት ካላገኛችሁ አትጨነቁ። ጭነቱን የሚሸከመው ከላይ የሚለብሰው ፋይበር ግላስ ነው፤ እንጨቱ በአብዛኛው ቅርጽ ማውጫ ነው። ለሁለት የተሰነጠቀ የፒቪሲ ቱቦም ይሠራል፤ ግን ከላዩ የሚጣለው ማት ከሦስት ወደ አምስት ድርብ ከፍ ይበል፣ የመግዣው መጠንም በዚያው ልክ።

ሬዚኑን ማወቅ

ሬዚን ያረጃል። ከተመረተ ስድስት ወር ገደማ ያለፈውን፣ በተለይ ፀሐይ ላይ የቆመ በርሜል፣ አትውሰዱ። በዱላ አንሡት፦ እንደ ዘይት ወርዶ ካለቀ ደህና ነው፤ እንደ ተልባ ከተዝለገለገ ወይም እንክብል ካለው ጀምሮታል።

በሱቁ «ኮባልት» የሚባል ወይን ጠጅ ፈሳሽ ለብቻው ከሰጧችሁ እዚህ ላይ ቁሙ። ኮባልትና ሃርድነር በቀጥታ ከተገናኙ ይቃጠላሉ፣ ይፈነዳሉም። ኮባልቱ መጀመሪያ ከሬዚኑ ጋር ተማስሎ ይለቅ፤ ሃርድነሩ ከዚያ በኋላ ብቻ። ሁለቱ ዕቃዎች አንድ መደርደሪያ ላይ አይቀመጡ፣ አንድ ማንኪያም አይንካቸው። አብዛኛው ሬዚን ኮባልቱ ከፋብሪካ ገብቶበት ይመጣልና ይህንኑ ጠይቁ። ሃርድነር ዓይን ከገባ ዓይነ ስውር ያደርጋል፤ ስለዚህ መነጽር ሳይደረግ ክዳኑ አይከፈት፣ አጠገባችሁም ንጹሕ ውሃ የሞላ ጀሪካን ይኑር። ከገባ 15 ደቂቃ ያለማቋረጥ ታጥቦ ወደ ሐኪም ነው።

መጠኑ ለ1 ኪሎ ሬዚን 15 ሚሊ ሊትር ሃርድነር ነው፤ በብርድ እስከ 20፣ በሙቀት እስከ 10። ከ10 በታች ከወረደ ሬዚኑ ለዘለዓለም ማስቲካ ሆኖ ይቀራል። መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ለኩ፤ በክዳን መለካት ሥራ ያበላሻል። በየቀኑ ጠዋት 100 ግራም ሬዚን በ1.5 ሚሊ ሊትር ሞክራችሁ ስንት ደቂቃ እንደሚሰጣችሁ ሰዓት ያዙ። ሃያ ደቂቃ ይመቻል።

ከ1 ኪሎ በላይ በአንዴ አትደባልቁ። የተደባለቀውንም በጆግ ሳይሆን በሰፊ ትሪ ያዙት። ሬዚን ሲጠነክር ይግላል፤ በጥልቅ ዕቃ ውስጥ ሙቀቱ መውጫ ስለሌለው ራሱን እያፋጠነ እስከ መጨስ ይደርሳል። ከጨሰ ውጭ አውጥታችሁ መሬት ላይ አፍስሱት፤ ሲበርድ ይሰበሰባል።

ወራጅ ማሰር

ወራጁን ቀፎው ላይ ደረቁን አታስቀምጡ። እንጨት ቀፎውን በነካበት ቦታ ሞገድ በመታው ቁጥር እንደ ጉልበት ይገፋል፤ ከውጭ ስንጥቅ የሚታየው በዚህ ነው። በመካከላቸው 5 ሚሊ ሜትር ሊጥ ይኑር። ሊጡ ሬዚን፣ ታልክና በመቀስ 1 ሴንቲ ሜትር እየተደረገ የተከተፈ የማት ክር ነው፤ ማንኪያ ላይ እንደ ቅቤ ሲቆም ልክ ነው። ሃርድነሩ ታልኩ ከገባ በኋላ ይጨመራል።

ወራጁን ሊጡ ላይ ተጫኑት፤ በጎን የሚወጣውን በጠርሙስ ቂጥ ጠርዝ እየሳባችሁ ጥጉን አድበልብሉት። ይህች የድቡልቡል ጥግ ትንሽ ትመስላለች፤ ማት ግን ቀጥ ባለ ጥግ አይታጠፍም፣ ይነሣል፣ ከሥሩም አየር ይይዛል። የወራጁ የላይኛው ጠርዞችም እንዲሁ በመላጊያ ይድበልበሉ።

ማቱ ሦስት ድርብ ነው። የመጀመሪያው ቀፎው ላይ 5 ሴንቲ ሜትር ይተኛ፣ ሁለተኛው 7.5፣ ሦስተኛው 10። ሁሉም እኩል ካበቁ ጭነቱ አንድ መስመር ላይ ይወድቃል፣ መስመሩም ይሰነጠቃል።

የውሃ ማሳለፊያ ቀዳዳ የሚሠራው አሁን ነው። እያንዳንዱ ማገር ከታችኛው ነጥቡ 25 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ይኑረው፤ ቀዳዳው በእንጨቱ ውስጥ በሚያልፍበት ቦታ ደግሞ አጭር የፕላስቲክ ቱቦ ይግባበትና ዙሪያው በሊጥ ይታሸግ። ባዶ የተተወ ቀዳዳ ለእንጨቱ ውሃ የሚያጠጣ ቧንቧ ነው። ብዙ የፋብሪካ ጀልባዎችም የሞቱት በዚህ ቀዳዳ ነው።

ወለሉ

ኮምፔንሳቶውን በአሮጌው ልክ ቆርጣችሁ ሳታጣብቁ ሞክሩት። ከቀፎው ጎን ዙሪያውን 5 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይተው፤ ክፍተቱ በሊጥ ይሞላል። ሁለት ሉህ የሚገናኙበት መስመር ወራጅ ወይም ማገር ላይ ይውደቅ።

እንጨት በሬዚን የሚጠገብበት ሰዓት አለ፤ ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ። ጠዋት ከቀባችሁት ቀኑ ሲሞቅ በእንጨቱ ውስጥ ያለው አየር ይሰፋና በሬዚኑ ውስጥ አረፋ እየሠራ ይወጣል፤ እያንዳንዱ አረፋ የመርፌ ቀዳዳ ትቶ ያልፋል። ከሰዓት በኋላ ግን እንጨቱ እየቀዘቀዘ አየሩን ወደ ውስጥ ይስባል፣ ሬዚኑንም አብሮ ይጎትተዋል። ሬዚኑን ማቅጠን ካስፈለገ እስከ 10 በመቶ በስታይሪን እንጂ በአሴቶን አይሁን። አሴቶኑ ውስጥ ታፍኖ ይቀርና ያለሰልሰዋል።

የታችኛው ገጽ አንድ ድርብ ማት፣ ጠርዞቹ ሁለት ጊዜ ሬዚን ይጠጣሉ፤ ይህ ሁሉ ወለሉ ከመግባቱ በፊት። ኮምፔንሳቶ ውሃ የሚጠጣው በጠርዙ ነው። የብሎን ቀዳዳም፣ የመክፈቻ አፍም፣ የሽቦ ማሳለፊያም ጠርዝ ናቸው፤ ተቆርጠው በዚያው ቀን ይታሸጉ።

በወራጆቹ አናት ላይ የጣት ውፍረት ሊጥ ዘርግታችሁ ወለሉን አስቀምጡ። መጫኛው ውሃ የሞላ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው፤ ስምንቱ 160 ኪሎ ይሆናል፣ የትም ይገኛል፣ ሬዚን ቢነካውም አያሳዝንም። በጊዜያዊ ብሎን ካሰራችሁ ሊጡ እንደጠነከረ አውጡና ቀዳዳውን ሙሉ።

ማት አጣጣል

የማቱን ጠርዝ በመቀስ ሳይሆን በእጅ ቅደዱት፤ የተቀደደ ጠርዝ ከጎረቤቱ ጋር ይዋሃዳል፣ የተቆረጠ ግን እርከን ይተዋል። መጀመሪያ ወለሉን ሬዚን ቀቡ፣ ማቱን አስተኙበት፣ ከላይ ትንሽ ጨምሩና ሁለት ሦስት ደቂቃ ታገሡ። ክሮቹን አጣብቆ የያዘው ዱቄት በሬዚኑ ሲሟሟ ማቱ ይለሰልሳል፤ ነጩ መልክ ወደ ግልጽ ይለወጣል። ከዚያ ብሩሹን እየወጋጋችሁ እንጂ እየሳባችሁ አይደለም፤ ከሳባችሁት ክሩ ይሰበሰባል። ባለ ጥርሱን ሩሎ ከመሃል ወደ ዳር ግፉ። ነጭ ሆኖ የቀረ ነጥብ አየር ነው፤ አሁን ካልወጣ በኋላ በመሮ ይወጣል። ኩሬ ሠርቶ የቆመ ሬዚንም ጥፋት ነው። ጥንካሬው የክሩ ነው፤ ትርፍ ሬዚን እንደ ብርጭቆ ይሰነጠቃል።

ሁለተኛው ድርብ በ24 ሰዓት ውስጥ ከተጣለ ሳይሞረድ ይያያዛል፤ ካለፈ በ80 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት መቧጨር አለበት። ዙሪያውን ወለሉን ከቀፎው ጎን የሚያስሩት ሦስት ጥብጣቦች 10፣ 15 እና 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ይኑራቸው።

የመጨረሻው ሬዚን ቀን ካለፈውም እጅ ላይ ይጣበቃል። ብዙ ሰው ሃርድነር አንሷል ብሎ ይደነግጣል፤ ምክንያቱ ግን አየር ነው። ተራ ፖሊስተር አየር የነካው ፊቱ አይደርቅም። ስለዚህ ለመጨረሻው ንብር በስታይሪን የሟሟ ሰም ይጨመርበታል፤ ሰሙ ወደ ላይ ተንሳፍፎ አየሩን ይከላከላል። ቀለም ከመቀባቱ በፊት ግን ሰሙ በሳሙናና በሙቅ ውሃ ታጥቦ፣ ከዚያ ይሞረድ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ወረቀቱ ሰሙን ወደ ውስጥ ያሻሸዋል፣ ቀለሙም በሦስተኛው ወር እንደ ቅርፊት ይነሣል።

ኤፖክሲ የሚባለውን ሌላ የሬዚን ዓይነት ያገኘ ሰው ለወራጅና ለኋላ ግድግዳ ቢጠቀምበት እንጨቱንም አሮጌውን ፋይበር ግላስም የበለጠ ይይዛል። ሁለት ነገር ግን አትርሱ፦ የተራው ማት ማጣበቂያ በኤፖክሲ አይሟሟምና የተሸመነ ጨርቅ ያስፈልጋል፤ ኤፖክሲ ላይ ደግሞ ተመልሶ ፖሊስተር ወይም ጄልኮት (የጀልባው የውጭ አብለጭላጭ ሽፋን) አይጣልም።

ቀለም፣ መንሳፈፊያ፣ ብሎን

ሬዚኑ ሳምንት ይቀመጥ። ሁለት ዕቃ ተደባልቆ የሚቀባው ፖሊዩሬቴን ቀለም ይጠነክራል፤ በሩሎ ብቻ ቀቡት፣ በስፕሬይ ሲረጭ ጭጋጉ ለሳንባ አደገኛ ነው። መራመጃው እንዳያንሸራትት የመጀመሪያው ቀለም ገና እርጥብ ሳለ ታጥቦ የደረቀ፣ በጥሩ ወንፊት የተነፋ አሸዋ በትኑበት፤ ሲደርቅ ትርፉን ጠርጋችሁ ሁለተኛውን ቀቡ። ቀለሙ ነጣ ያለ ግራጫ ይሁን። ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ ፀሐዩ ጥቁር ወለልን በባዶ እግር የማይረገጥ ያደርገዋል፣ ነጩ ደግሞ ዓይን ይወጋል።

ወለሉ ከመዘጋቱ በፊት ከሥሩ የሚገባው መንሳፈፊያ ዝግ ፎም (ውሃ የማይመጥ) መሆን አለበት። የቴሌቪዥን ማሸጊያው ነጭ ፎም ሬዚን ሲነካው እንደ ስኳር ይሟሟል። የማያሳፍር አማራጭ አለ፦ ክዳናቸው ጥብቅ የሆነ ባለ 2 ሊትር የለስላሳ ጠርሙሶች። እያንዳንዱ 2 ኪሎ ገደማ ያነሣል፤ 150ው 300 ኪሎ። በመረብ ታስረው በወራጆቹ መሃል ይቀመጡ፣ ከሥራቸው ግን የውሃው መንገድ ክፍት ይሁን። ወለሉ ላይ ከፊትና ከኋላ አንዳንድ የመክፈቻ ክዳን ካለ አየርም ይገባል፣ ዓይንም ይገባል።

ወንበር የሚታሰርበትን ቀዳዳ ለ6 ሚሊ ሜትር ብሎን በ12 ሚሊ ሜትር ፑንታ ብሱት፤ ከሥር በፕላስተር ዘግታችሁ በሊጥ ሙሉት፤ ሲጠነክር መሃሉን በ6 ሚሊ ሜትር ደግማችሁ ብሱ። አሁን ብሎኑ እንጨት አይነካም፤ በጎኑ ውሃ ቢገባ እንኳ የሚያገኘው ሬዚን ነው። ብሎኖቹ ስቴንለስ ይሁኑ። የወንበር ስፖንጅ ሌዘር ሲለብስ ከሥሩ ሁለት ሦስት ቀዳዳ ይተውለት፤ የታሸገ ስፖንጅ ዓመት ሙሉ እርጥብ ነው፣ ሻጋታውም ከዚያ ይጀምራል። ሽቦ ከወለል ሥር አይለፍ፤ በጎን ጠርዙ ሥር በቱቦ ይሂድ።

ፈተና

ወንበሩ ከመታሰሩ በፊት የጀልባውን አፍንጫ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጉ፤ በኋላ ማፍሰሻው ሥር ባልዲ አኑሩ። በፊተኛው መክፈቻ በኩል ሁለት ጀሪካን፣ 40 ሊትር ውሃ ቀስ እያላችሁ አፍስሱና የሚወጣውን ለኩ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ 38 ሊትር ከወጣ መንገዱ ክፍት ነው። ሠላሳ ብቻ ከወጣ አሥሩ ሊትር የሆነ ማገር ጀርባ ተኝቷል፤ በባትሪ መብራት ፈልጉት፣ ቀዳዳውን ዝቅ አድርጉት፣ የተቆረጠውንም አሽጉ። ይህን አሁን ማድረግ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ከዚያ የጻፋችሁትን የክር ልኬት መልሳችሁ ለኩ፤ ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ ከተለወጠ ቀፎው ተጣሟልና ጀልባው ወደ አንድ ጎን ይስባል።

መሬት ላይ ሲቆም አፍንጫው ከፍ ብሎ፣ የማፍሰሻው ታፖ ወጥቶ ይቁም። ሸራ ካለበሳችሁት ከጠርዙ አንድ ጋት ከፍ አድርጉት፤ የተጠቀለለ ጀልባ ውስጡ ያልበዋል። ታፖውን ደግሞ በሞተሩ ማስነሻ ገመድ ላይ እሰሩት፤ ታፖውን ሳያይ ሞተር የሚያስነሣ ሰው አይኖርም።